እርሾውን አትውቀሱት፦ ከጭድና ከሰጋቱራ ኤታኖል ሲወጣ የሚገጥሙ ችግሮች

ሰዎች ሲደውሉልኝ የመጀመሪያው ቃላቸው አንድ ነው፦ «እርሾው ሞተብኝ።»

ጭዱን ቀቅለዋል። አሲዱን ጨምረዋል። የአሲዱን ኃይል በኖራ አብርደዋል። እርሾ ነስንሰው ሁለት ቀን ጠብቀዋል። አረፋ የለም። ስለዚህ ጥፋተኛው እርሾው ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ እርሾ ቀይሬያለሁ፤ ባለሱቁንም በልቤ ሰድቤዋለሁ። ነገሩ የገባኝ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየሄድኩ መፈተሽ ስጀምር ነው። እርሾው ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ወይም ሚዛኑ ላይ ነው፤ አንዳንዴም ገና ጭዱ ሲገዛ ተሠርቶ ያለቀ ነው። እርሾው ተራው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ስሙ ይጠፋል እንጂ።

የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ነን። ሌሊቱ ይበርዳል። ድርቆሽና ጭድ ግን እንደ ልብ ነው። ጓሮ ባለችኝ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ለምድጃ የሚሆን ኤታኖል፣ ማለትም የሚነድ አልኮል፣ ማውጣት እሞክራለሁ። ከአጥሩ ወዲያ አረቄ የሚያወጡ እናት አሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። የማፍላቱን ብልሃት አብዛኛውን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። የተማርኩት ኬሚስትሪ ስለ ሱሉልታ ብርድ አንድም ነገር አልነገረኝም።

መነሻ እንዲሆነን የምሠራበትን መንገድ በአጭሩ ላስቀምጥ። 100 ግራም የተፈጨ ደረቅ ጭድ እወስዳለሁ። 1 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ባለበት 1 ሊትር ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። በፕሬሸር ኩከር ከአንድ ሰዓት በላይ አበስለዋለሁ። አጠለዋለሁ፣ አሲዱን በኖራ አበርደዋለሁ፣ እርሾ እጨምራለሁ። ሲጨርስ እንደ አረቄ ይወጣል።

ሁለት ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ መነጽርና ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። የሚወጣው ነገር ደግሞ ለምድጃ ነው፣ ለጉሮሮ አይደለም። ጭድና እንጨት በአሲድ ሲበስል ሜታኖልም ሌላ መርዝም ይዞ ሊመጣ ይችላል። «ትንሽ ልቅመሰው» የሚል እንግዳ ቢመጣ ቡና አፍሉለት።

ጭቃ ቤቱን እወቁት

ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚገባችሁ የጭዱን አሠራር ካወቃችሁ ነው። የተክል ግድግዳ ልክ እንደ ጭቃ ቤት ነው። ቋሚው ሴሉሎስ ነው፤ ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ፣ ግሉኮስ ከሚባል ስኳር የተሠራ። ማገሩ ሄሚሴሉሎስ ነው፤ ቋሚዎቹን ያያይዛል፣ ግን ላላ ያለ ነው። ምርጊቱ ሊግኒን ነው፤ ስኳር የለውም፣ ሥራው መሸፈንና ማጣበቅ ነው። ቀጭን አሲድ ማገሩን ይፈታል። ኮስቲክ ሶዳ ምርጊቱን ያራግፋል። ቋሚውን ለመስበር ግን ወይ ኃይለኛ አሲድ፣ ወይ በጣም ከፍተኛ ሙቀት፣ ወይ ሴሉሎስ የሚቆራርጥ ኢንዛይም ይጠይቃል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ታች ስንወርድ እንፈልገዋለን።

ምልክት፦ ድስቱ ጠቆረ፣ ውስጡ ተቆረቆረ

ድስቱ አሉሚኒየም ነው፣ አሲዱን በቀጥታ አፍስሳችሁበታል። አሲዱ ድስቱን ሲበላ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል፤ ጭዱ ላይ ሊሠራ የሚገባው አሲድም ድስቱ ላይ ያልቃል። መፍትሄው ቀላል ነው። ጭዱንና አሲዱን ሙቀት በሚችል የብርጭቆ ማሰሮ አድርጉ፣ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ድስቱ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ጨምራችሁ ማሰሮውን መሐሉ አስቀምጡ። ሲያልቅ በራሱ ጊዜ ይብረድ። እንፋሎቱን በችኮላ ካስተነፈሳችሁት ማሰሮው ውስጥ ያለው ገንፍሎ ይወጣል።

ምልክት፦ በቤኔዲክት ስንፈትሸው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፣ ስኳር የለም

ቤኔዲክት ማለት ስኳር የሚያሳየው ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። ከናሙናው ጋር በፈላ ውሃ ውስጥ ሲሞቅ ስኳር ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ብዙ ካለም ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ አትደንግጡ። መጀመሪያ የምጠይቀው «ናሙናውን አብርደኸዋል ወይ?» ነው። ቤኔዲክት የሚሠራው በአልካላይ፣ በአሲድ ተቃራኒ፣ ውስጥ ነው። አሲድ ያለበትን ናሙና እንደወረደ ካፈሰሳችሁበት ስኳሩ ሞልቶም ቢሆን ዝም ይላል። ናሙናውን በትንሽ ቤኪንግ ሶዳ አብርዱና ድገሙት። ከሚደውሉልኝ ስንቶቹ ችግራቸው እዚህ ላይ ተፈትቷል።

አሁንም ሰማያዊ ነው? እንግዲያው ማገሩ አልተፈታም። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ሦስቱንም በራሴ ቤት አይቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው የአሲዱ ሂሳብ ነው። መመሪያው «በሊትር 5.5 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ» ሲል የላብራቶሪውን 98 በመቶ ማለቱ ነው። እኛ የምናገኘው የባትሪ አሲድ ግን ከክብደቱ 35 በመቶ ገደማው ብቻ ነው አሲድ። 10 ግራም አሲድ ለማግኘት 23 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋችኋል። 5.5 ያፈሰሰ ሰው የሚፈልገውን ሩብ ነው ያገኘው። አንድ ልጅ ጭራሽ «የባትሪ ውሃ» ብሎ ጠይቆ የተጣራ ውሃ ተሸጦለት፣ ለሁለት ሳምንት ጭድ በውሃ ሲቀቅል ከርሟል። ከአሮጌ ባትሪ የተገለበጠ አሲድ ደግሞ ጨርሶ አትጠቀሙ፤ እርሳስ አለበት።

ሁለተኛው ጭዱ ራሱ ነው። የጤፍ ጭድ የሚመጣው ከአውድማ ነው። አውድማው በእበት ተለቅልቋል፣ በሬ ሄዶበታል፣ አፈሩ አብሮ ተጠርጓል። አፈሩም በጭዱ ውስጥ ያለው አመድም አሲድ ይበላሉ። አሲዱን በትክክል ለክታችሁ ድስቱ ጋ ሲደርስ ግን ግማሹ አልቋል። መፈተሻው የፒኤች ወረቀት ነው፤ አሲድነትን በቁጥር ያሳያል፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ጭዱን ከዘፈዘፋችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ንከሩት። 1 አካባቢ መሆን አለበት። ወደ 2 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ጭዱ አሲዱን በልቶታል። ጭዱን በውሃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ከዚያ ፍጩት። ሳይፈጭ እንዲሁ የገባ ረጅም ጭድም ቢሆን አሲዱ ወደ መሐሉ አይደርስለትም።

ሦስተኛውን ለማወቅ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከፍታው ነው።

መመሪያዎች ሁሉ «121 ዲግሪ» ይላሉ። ይህ የባህር ጠረፍ ሰው ቁጥር ነው። ፕሬሸር ኩከር በውጭው አየር ግፊት ላይ የራሱን ጨምሮ ነው ሙቀቱን የሚያገኘው። የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው። ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላልን 91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሽምብራ ውሎ አድሮ የማይበስለው በምን ሆነና! ባህር ጠረፍ ላይ 121 የሚደርሰው ባለ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ድስት ሱሉልታ ላይ 116 አካባቢ ይቆማል። ግፊቱ አነስ ያለ የቤት ድስት ከ112 ብዙም አያልፍም። አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ለዚህ ሥራ ግን ትንሽ አይደለችም፤ 60 ደቂቃ የሚለውን ወደ 85 ደቂቃ ትወስደዋለች። ለደካማው ድስት ደግሞ 110 ደቂቃ ስጡት። በጊዜ ካሱት እንጂ ቫልቩ ላይ ክብደት ጭናችሁ ግፊት ለመጨመር እንዳትሞክሩ። የድስት ክዳን ጣሪያ በስቶ ሲወጣ ማየት ደስ አይልም።

ምልክት፦ ስኳር አለ፣ እርሾ ገባ፣ አረፋ የለም

እንግዲህ «እርሾው ሞተብኝ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስት ብርጭቆ አምጡ።

አንደኛው ላይ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ እርሾ። ሁለተኛው ላይ ከጭዱ ያገኛችሁት ፈሳሽ ከእርሾ ጋር። ሦስተኛው ላይ ያው ፈሳሽ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ እርሾ። ሦስቱንም ለብ ያለ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡና አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ።

አንደኛው ካላረፋ እርሾው በእርግጥ ሞቷል። አዲስ ግዙ፤ ባለሱቁንም መውቀስ ትችላላችሁ። አንደኛው አርፍቶ ሦስተኛው ዝም ካለ ፈሳሹ እርሾውን እየገደለው ነው፤ ወይ ፒኤቹ አልተስተካከለም፣ ወይ መርዝ አለበት። አንደኛውና ሦስተኛው አርፍተው ሁለተኛው ብቻ ዝም ካለ እርሾውም ጤነኛ ነው፣ ፈሳሹም አልመረዘውም። ስኳሩ የእርሾው ምግብ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ፈተና ከጀመርኩ ወዲህ ሳይሠሩት ለሚደውሉልኝ የምመልሰው «መጀመሪያ ሦስት ብርጭቆ» ነው። አንዳንዱ ብርጭቆ የምጠይቀው አረቄ ልንጠጣ ይመስለዋል።

መጀመሪያ ፒኤቹን እዩ፤ እሱ ቀላሉ ነው። እርሾ ከ4.5 እስከ 5.5 ይስማማዋል። ወረቀቱ 3 ካለ ኖራ ጎድሏል። 8 ካለ በዝቷል፤ በጠብታ አሲድ መልሱት። አሲዱን ለማብረድ ከኖራ ይልቅ ኮስቲክ ሶዳ የሚጠቀሙ አሉ፤ ፈጣን ስለሆነ ያምራል። ችግሩ የሚፈጠረው ጨው እዚያው ሟሙቶ ይቀራል፣ እርሾውንም ያስጨንቀዋል። ኖራ ግን ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጀሶ ይሆንና አብዛኛው ወደ ታች ይዘቅጣል። አዎ፣ ያው ግድግዳ የሚለሰንበት ጀሶ። እሱን አጥልላችሁ ትጥሉታላችሁ።

ሁለተኛው ብርጭቆ ብቻ ዝም ሲል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ጭቃ ቤቱ እንመለስ። ቀጭን አሲድ በ116 ዲግሪ የፈታው ማገሩን ነው ብለናል። የጭድ ማገር ሲፈታ በብዛት የሚሰጠው ዛይሎስ የሚባል ስኳር ነው። ዛይሎስ አምስት ካርበን ያለው ነው። የዳቦ እርሾ የሚበላው ስድስት ካርበን ያላቸውን፣ እንደ ግሉኮስ ያሉትን ነው። ዛይሎስ ፊቱ ቢቀርብለት ዝም ብሎ ያየዋል። ቤኔዲክት ደግሞ ሁለቱን አይለይም፤ ለሁለቱም ጡብ ይመስላል። ስለዚህ ሰውየው ጡብ የመሰለ ፈሳሽ ይዞ «ስኳር ሞልቷል» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ማዕዱ ላይ የቀረበው እርሾው የማይበላው ነው።

ግሉኮሱ የት አለ? ቋሚው ውስጥ፣ ከወንፊቱ ላይ በቀረው ጥጥር ውስጥ። ብዙዎች ጉድጓድ የሚጨምሩት እሱን ነው!

ቋሚውን መስበር ድሮም የታወቀ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1819 የጨርቅ ቁርጥራጭና ሰጋቱራ በኃይለኛ ሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ስኳር እንደሚሰጥ አሳይቷል። ላብራቶሪም እስከ ዛሬ እንጨት ሲመረምር በ72 በመቶ አሲድ አሟሙቶ፣ ወደ 4 በመቶ አቅጥኖ መልሶ ያበስለዋል። 72 በመቶ አሲድ ግን ጓሮ ውስጥ የሚያዝ ነገር አይደለም። ልብስ ይበላል፣ ቆዳ ያከስላል፣ ዓይን ያጠፋል። እኔ ክፍሌ አላስገባሁትም፣ አላስገባምም። በቀጭን አሲድ ቋሚውን ለመስበር የሞከሩ ፋብሪካዎች ሙቀቱን ከ170 ዲግሪ በላይ አውጥተዋል፤ ይህም ለቤት ድስት የሚታሰብ አይደለም።

የቀረው መንገድ ምርጊቱን አራግፎ ኢንዛይም መላክ ነው። ማገሩ የተፈታውን ጥጥር አጥባችሁ በ2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ታበስሉታላችሁ። እንደ ቡና የጠቆረ ውሃ ይወጣል፤ እሱ ሊግኒኑ ነው። የቀረውን እስኪጠራ ታጥባላችሁ። ከዚያ ሴሉሌስ የሚባለውን ኢንዛይም፣ ፒኤች 5 አካባቢ፣ 50 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሦስት ቀን። እኔ ኢንዛይሙን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ በብልቃጥ ሰጥቶኝ ነው፤ ከገበያ ቢሆን ለአንድ ሊትር የምድጃ ኤታኖል ብዬ የምገዛው አልነበረም። ዛይሎስ የሚበሉ ሌሎች የእርሾ ዝርያዎችም አሉ። ዝግ ብለው ነው የሚሠሩት፣ ትንሽ አየርም ይፈልጋሉ፣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ አይሸጡም።

ሂሳቡንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ከ100 ግራም ጭድ ውስጥ ሴሉሎሱ 35 ግራም ነው ብንል፣ ሁሉም ቢሰበር 39 ግራም ግሉኮስ ይሆናል። እርሾው ምንም ሳይሰርቅ ቢሠራ 20 ግራም ኤታኖል፣ ማለትም 25 ሚሊ ሊትር። ይህ ጣሪያው ነው። ጓሮ ውስጥ ጣሪያ የነካ አላየሁም፤ እኔ ግማሹን ካገኘሁ ጮቤ እረግጣለሁ። የባህር ዛፍ ሰጋቱራማ ምርጊቱ ወፍራም ስለሆነ ከጭዱም ይብሳል። የእንጦጦን ባህር ዛፍ እያዩ «ይህ ሁሉ ነዳጅ ነው» የሚሉ ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ በማገዶነቱ።

ታዲያ ጓሮ ላይ ምን ይሠራ? በአማርኛ አንድ ቃል ሁለት ነገር ነው፦ ድርቆሽ። የከብቱም ሣር ድርቆሽ ነው፣ ፀሐይ ላይ የደረቀው እንጀራም ድርቆሽ ነው። የከብቱ ድርቆሽ በቀጭን አሲድ ዛይሎስ ይሰጣችኋል። የእንጀራው ድርቆሽ ስታርች ስለሆነ በዚያው አሲድ፣ በዚያው ድስት ግሉኮስ ይሰጣችኋል። ስታርቹ ማለቁን በአዮዲን ጠብታ ታውቁታላችሁ፤ ከጠቆረ ገና ነው፣ ካልጠቆረ አልቋል። ከ100 ግራም ደረቅ እንጀራ 70ው ስታርች ነው ብንል ጣሪያው 50 ሚሊ ሊትር ነው፣ የጭዱ እጥፍ። እንጀራ ማቃጠል ነውር ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ልክ ነው። እኔ የምጠቀመው የሻገተውን ነው። ወጥ የነካው ግን ጨውና ዘይት ስላለው አይሆንም። የድንች ልጣጭም ያው ነው። ጀማሪ በዚህ ይጀምር። የሚያረፋ ነገር አይቶ ልቡ ሲረጋ ወደ ጭዱ ይምጣ።

ምልክት፦ ፈሳሹ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ዳቦ ይሸታል፣ ሦስተኛው ብርጭቆ ዝም ብሏል

ይህ የተገላቢጦሹ ችግር ነው። ብዙ አበስላችኋል፣ ወይ አሲድ አብዝታችኋል። ስኳሩ ራሱ መፍረስ ጀምሯል። ዛይሎስ ሲፈርስ ፉርፉራል ይሆናል፤ ሽታው የለውዝና የተቃጠለ ዳቦ ነው። ከማገሩ ላይ የሚላቀቀው አሴቲክ አሲድም አለ፣ የኮምጣጤው አሲድ። ሁለቱ ተባብረው እርሾውን ያፍኑታል።

ፈሳሹን አትድፉት። ኖራውን ከማብረጃው መጠን አሳልፉና ፒኤቹን 10 አድርሱ። ወደ 60 ዲግሪ አሙቁት፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። በሙቅነቱ አጥሉት። ከዚያ በአሲድ ጠብታ ወደ 5 መልሱት። ከመርዙ ብዙው በዚህ ይቀንሳል፤ አሴቲክ አሲዱ ግን አይነቃነቅም፣ ለእሱ ጭዱን በቅጡ ከማብሰል ሌላ መላ የለም። ብዙ እርሾ በአንዴ መጨመርም ይረዳል። ተባብረው ፉርፉራሉን ወደማይጎዳ ነገር ይቀይሩታል።

እዚህ ላይ ራሴ የተሞኘሁበት ነገር አለ። ኖራ ብጨምር ብጨምር ወረቀቱ 10 አይደርስም። 10 ግራም አሲድ ለማብረድ 7.5 ግራም ኖራ ይበቃል። እኔ 30 ግራም አልፌያለሁ፤ ወረቀቱ 6 ላይ ተኝቷል። ጥፋቱ የኖራው ነበር፤ አርጅቷል። አፉ ክፍት ሆኖ የከረመ ኖራ ከአየሩ ካርበን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ጠመኔነት ይለወጣል። ጠመኔ አሲድ ያበርዳል፣ 10 ግን አያደርስም። መለያው ቀላል ነው። ቁንጥር ኖራ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ። እንደ አምቦ ውሃ ከተንተከተከ አርጅቷል። አዲሱን ክዳን ባለው ነገር አስቀምጡ።

ምልክት፦ ቀን ያረፋል፣ ሌሊት ይተኛል

እማማ ጀሪካኔን ዳሰስ አድርገው በአንድ ቃል የጨረሱት ችግር ነው። «ልጄ፣ ብርድ መቶታል። አልብሰው።»

የዳቦ እርሾ ወደ 30 ዲግሪ ይወዳል። ሱሉልታ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ከዚያ በጣም ይወርዳል፤ በቆርቆሮ ክፍል ደግሞ ይብሳል። እርሾው አይሞትም፣ ይተኛል። አራት ቀን የሚፈጀው ሥራ አሥራ ሁለት ቀን ይሆናል፤ በዚህ መሐል ባክቴሪያ ይቀድመዋል። ጀሪካኑን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉ፣ ከጎኑ የሞቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አስገቡ፣ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት ጥግም ጥሩ ነው። ምጣዱ አጠገብ ማስጠጋት ግን አይደለም፤ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ እርሾው ይዝላል፣ ከ50 በላይ ይሞታል።

ምልክት፦ ኮምጣጤ ሸተተ

አየር ገብቶበታል። ወይ ዕቃው በፈላ ውሃ አልተለቀለቀም። ኤታኖሉን ባክቴሪያ ወደ አሴቲክ አሲድ ቀይሮታል፣ መመለሻ የለውም። ለቀጣዩ አዲስ የሐኪም ቤት የግሉኮስ ቱቦ ከክዳኑ አውጡና ጫፉን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ንከሩት። ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም።

ምልክት፦ ወጣ፣ ግን አይነድም

መጀመሪያ ስለ ቴርሞሜትር። መጽሐፉ ኤታኖል በ78 ዲግሪ ይፈላል ይላል። እኛ ጋ ንጹሑ የሚፈላው 70 ገደማ ነው፤ ያው የከፍታው ነገር። ግን 70 ብላችሁም አትጠብቁ። ከጭድ የሚገኘው ድፍድፍ ኤታኖሉ 1 ወይም 2 በመቶ ነው፣ ሌላው ውሃ ነው። እንፋሎቱ 90 አካባቢ ሆኖ ነው የሚነሳው። «ከ78 ሲያልፍ አቁም» የሚለውን ትእዛዝ አምኖ ሳይጀምር ያቆመ ሰው አውቃለሁ። መጀመሪያ የሚወጣውን ሩብ ያህል ሰብስቡ። እሱን እንደገና አውጡት። አረቄ አውጪዎች ዳግም የሚሉት ይሄንኑ ነው። ከግማሽ በታች ኤታኖል ያለበት ነገር ምድጃ ላይ አይረባም፤ ስለዚህ ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ነው።

የአልኮል መለኪያውን ድፍድፉ ውስጥ አትንከሩት። ስኳሩና ጨው ያሳስተዋል። የወጣውን ብቻ ለኩ፣ እሱንም 20 ዲግሪ ላይ። ትኩሱን ከለካችሁት ከእውነቱ በላይ ያነባል፣ ጠዋት በብርድ ከለካችሁት ደግሞ በታች።

እሳታችሁ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይሁን። ከሰልና የኤታኖል እንፋሎት አንድ ክፍል ውስጥ አይዋደዱም፤ የኤታኖል ነበልባል ደግሞ በቀን ብርሃን ብዙም አይታይም። መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል እንጂ! ድስቱ በርዶ ወደ ኋላ ይስባል። የመቀበያው ቱቦ ጫፍ ፈሳሽ ውስጥ ከተነከረ የሰበሰባችሁትን ሁሉ መልሶ ይጠጣዋል። ጫፉን ከፈሳሹ በላይ አንጠልጥሉት። እኔ ይህን የተማርኩት በግማሽ ሊትር ዋጋ ነው።

አንድ የሠፈር ባጃጅ ነጂ «ለእኔ ቤንዚን ላይ ልጨምረው» ብሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከ5 በመቶ ኤታኖል ጋር መደባለቅ ጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ሲያድግ ሰምቶ ነው። ያ ኤታኖል ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተገኘ፣ ውሃው ተሟጦ የወጣለት ነው። የእኛ ስንት ጊዜ ብናወጣው ከክብደቱ 95.6 በመቶ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ውሃውና ኤታኖሉ አብረው ይተናሉ፣ ማውጣት አይለያቸውም። የቀረችው ውሃ ቤንዚኑ ውስጥ ተለይታ ታንኩ ሥር ትተኛለች። ባጃጁ ደግሞ አቀበት መሐል ይቆማል። ኖረኝም ቢሆን አልሰጠውም ነበር፤ ያን ቀን የነበረኝ አንድ ሲኒ ነው።

ቅሪቱስ?

እማማ የአረቄያቸውን አተላ ለላማቸው ይሰጣሉ። የእኔንም ጠይቀውኛል። «አይሆንም እማማ፣ የእኔ አተላ አሲድ ያየ ነው» አልኳቸው። ጀሶ አለበት፣ ፉርፉራል አለበት፣ ከብት አይበላውም። ፈሳሹን ፒኤቹ 7 እስኪሆን አብርዳችሁ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከምንጭ አርቃችሁ ድፉ። ጥጥሩን ግን አትጣሉት። አሲዱ እስኪወጣ በውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ሳይታጠብ ከነደደ ጭሱ ጉሮሮ ይቆርጣል። ከዚያ እንደ ኩበት ጠፍጥፋችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ሊግኒኑ ስለበዛበት ጥሩ ይነዳል። እማማ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጆንያ ያቀብሉኛል። ድፍድፋቸውን የሚጥዱት በእሱ ነው።